ልጄ ፍየል ያሰረችበት ቅዳሜ

የፈረምኩትን ወረቀት አላነበብኩትም። እውነቱ ይሄ ነው፤ በኋላ ማንንም ለመውቀስ አፍ ያጣሁትም ለዚህ ነው። ሐሙስ ምሳ ሰዓት ነበር። የምሠራበት፣ ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ያለው ምግብ ቤት ጢም ብሎ ሞልቷል። ዐቢይ ጾም ስለነበር ሐበሻው ሁሉ በያይነቱ ነው የሚያዘው፣ ፈረንጁም አብሮ። ሁለት ትሪ ተሸክሜ ከወጥ ቤት ስወጣ ስልኬ በሽርጤ ኪስ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ልጄ ናት። «ማሚ ፕሊስ ሳይን አድርጊልኝ፣ ዴድላይኑ ዛሬ ነው» ትላለች። ትሪዎቹን አድርሼ፣ እጄን ጠርጌ፣ ግድግዳ ተደግፌ ከፈትኩት። ረጅም እንግሊዝኛ ነው። በጣቴ ወደ ታች ገፋሁት፣ ደግሜ ገፋሁት፤ መጨረሻው ላይ ባዶ ቦታ አገኘሁና ስሜን ሞነጫጭሬበት ላክሁላት። ጓደኛዋ ቤት ለማደር ፈቃድ የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር። ለትምህርት ቤት፣ ለጥርስ ሐኪም፣ ለሽርሽር ስንት እንዲህ ዓይነት ወረቀት ፈርሜያለሁ።

ያኔ ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። የተወለደችው በሰባት ወሯ ነው። ሰባት ሳምንት በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተኝታ፣ እኔ አጠገቧ ወንበር ላይ ተቀምጬ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል አይ ነበር። ሐኪሞቹ «ይዘሻት ወደ ቤትሽ መሄድ ትችያለሽ» ካሉኝ በኋላም ማየቴን አላቆምኩም። ሌሎች ልጆች በአፓርታማችን ግቢ ብስክሌት ሲነዱ እሷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነው ያደገችው። ዋና ስትማር ከመምህሩ አጠገብ ከነልብሴ የቆምኩ እናት እኔ ነኝ። አባቷና እኔ የተለያየነው ገና በጨቅላነቷ ስለሆነ «ኧረ ልቀቂያት» የሚለኝ ሰው በቤት ውስጥ አልነበረም። ቢኖርም እሰማው እንደሆነ አላውቅም።

የልብ ጓደኛዋ ታችኛው ፎቅ ላይ ትኖር የነበረች ልጅ ናት። እናትየዋ ነርስ ነች፤ ነጭ አሜሪካዊት፣ ረጋ ያለች ሴት። አባቷ ሲታመሙባት እሳቸውን ለመርዳት ወደ ተወለደችበት ትንሽ ከተማ ተመለሰች። ከሎስ አንጀለስ ወደ ሰሜን ተራራውን ተሻግሮ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚያስነዳ ነው። ልጆቹ ግን አልተለያዩም። በየበዓሉና በየዕረፍቱ ሴትዮዋ ወርዳ ልጄን ትወስዳታለች፣ መልሳም ታመጣታለች። እሺ ያልኩት ነርስ ስለሆነች ነው። ሌላ ሥራ ቢኖራት ኖሮ እሺ የምል አይመስለኝም።

«ፈረስ አላቸው እንዴ?» ብዬ አንድ ቀን ልጄን ጠይቄያት ነበር።

«አላቸው። እናበላቸዋለን፣ እናጥባቸዋለን» አለችኝ።

ከዚያ በላይ አልጠየቅኋትም።

ከፊርማው ሁለት ሳምንት በኋላ ልጄ እዚያው ከተማ የልጆች ሮዲዮ እንዳለ፣ ጓደኛዋም እንደምትወዳደር ነገረችኝ። እሷ ዓርብ ከነሱ ጋር ትሄዳለች፤ እኔ ቅዳሜ ብመጣ ደስ ይላታል። ልመናዋ ለየት ያለ ነበር። «ማሚ፣ ፕሊስ፣ እንድትመጪ እፈልጋለሁ» ብላ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። የቅዳሜ ሥራዬን ከሌላ ሴት ጋር ተቀያየርኩ። የቀረኝ የሚነዳልኝ ሰው ነበር፤ እኔ ፍሪዌይ ላይ ድራይቭ አላደርግም። ሰፈራችን ያሉት ፒኮና ቬኒስ ጎዳና ድረስ ነው የኔ ድፍረት።

ከኛ ፊት ለፊት የሚኖሩ፣ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ሥራ ካቆሙ ወዲህ የሚሄዱበት አጥተው መኪናቸውን በየጠዋቱ ያጥባሉ። ስነግራቸው የት እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ «በስንት ሰዓት እንነሣ?» አሉኝ።

በማለዳ ወጣን። ኮት ለብሰዋል፣ ከላዩ የቤዝቦል ኮፍያ አድርገዋል። እኔ ምስር የተጠቀለለበት እንጀራና ብርቱካን በፌስታል ይዣለሁ። ተራራውን መውጣት ስንጀምር ግራ ቀኙ አረንጓዴ ነበር፤ በዚያ ወቅት ብቻ ለጥቂት ሳምንት እንዲህ ይሆናል።

«ጋሼ፣ ግን ይሄ ሮዲዮ የሚሉት ምንድን ነው?»

«አታውቂውም?»

«ፈረስ እንዳለበት አውቃለሁ።»

«ፈረስም አለ፣ በሬም አለ። ሰው ይወጣባቸዋል፣ እነሱ ይጥሉታል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይነሣል። ካልተነሣም አምቡላንስ ያቆማሉ።»

«ጋሼ!»

«ቴሌቪዥን ላይ ያየሁትን ነው የምነግርሽ። የልጆችማ ቀለል ያለ ይሆናል።»

የጓደኛዋን እናት አሰብኩና አዘንኩላት። እንዴት ነው እያየች የምትቀመጠው? ነርስ ሆና! እንዲህ እያልኩ ነበር የምሄደው፤ በሌላ እናት እየፈረድኩ፣ የራሴ ልጅ አጥር ተደግፋ የምታጨበጭብ መስሎኝ።

ከዋናው መንገድ ወጥተን በለውዝ እርሻዎች መካከል ስንሄድ ሌላ ፍርሃት መጣብኝ። የምናልፋቸው መኪናዎች ሁሉ ትልልቅ ፒክአፕ ናቸው፤ ነጂዎቹ ሁሉ ባለ ሰፊ ባርኔጣ። ሜዳው ጋ ስንደርስ የፈረስ መጫኛ ተጎታቾች ተደርድረዋል፣ አቧራው ይጨሳል፣ በየቦታው ባንዲራ ተተክሏል። ዓይኔን ባዞር ባዞር ከኔና ከጋሼ በቀር ጥቁር ሰው የለም። እኔ ነጭ ሸራ ጫማዬን አድርጌ ነው የመጣሁት። እንመለስ ብል ኖሮ ጋሼ የሚቃወሙኝ አይመስለኝም፤ እሳቸውም መሪውን አጥብቀው ይዘዋል።

መኪና የሚያስተናግደው ሽማግሌ ወደ መስኮቴ ጎንበስ አለ። ባርኔጣውን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ «ከዛፉ ሥር ፓርክ አድርጉ፤ ለአባትሽ ፀሐዩ ይከብዳቸዋል» አለኝ።

ጋሼ ዛፉ ሥር አቆሙ። ሞተሩን አጥፍተው፣ «አባትሽ? ወንድምሽ ቢል ምን ነበረበት?» አሉ። ከማለዳ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

አጥሩ ዙሪያ ካሉት የብረት አግዳሚዎች ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ከፊታችን አንዲት አሮጊት ዞር ብለው አዩንና አግዳሚው እንደሚያቃጥል ነግረውን፣ ትርፍ ትራሳቸውን ለጋሼ አቀበሉ። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ልጅ ባንዲራ ይዛ በፈረስ ሜዳውን ዞረች። በድምፅ ማጉያው የሚናገረው ሰው ሁላችንም እንድንነሣ ጠየቀ። መዝሙር ነው ብዬ ስጠብቅ ጸሎት ጀመረ። ለልጆቹ ጸለየ፣ ለእንስሳቱ ጸለየ፣ ለዝናቡም አመሰገነ። ወንዶቹ ሁሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ጋሼም ኮፍያቸውን አወለቁ፣ አማተቡ፣ «አሜን» ሲሉ ድምፃቸው ከሁሉም በላይ ተሰማ። አንድ ሁለት ሰዎች ዞረው ፈገግ አሉ። የያዘኝ ነገር ከትከሻዬ ላይ ወረደ። የሚጸልይ ሰው ሁሉ ደግ ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን ጎንበስ ማለቱን አውቀዋለሁ፣ መቼ ቆሜ መቼ እንደምቀመጥ አውቃለሁ።

መጀመሪያ የወጡት ሕፃናት ነበሩ፤ አምስት፣ ስድስት ዓመት የሚሆናቸው። ሄልሜት አድርገው፣ ደረታቸው ላይ ወፍራም ሰደርያ ታስሮላቸው፣ ምን ላይ ይቀመጣሉ? በግ ላይ! በጉ ይለቀቃል፣ ሕፃኑ ጸጉሩን ጨምድዶ ይይዛል፣ አምስት ስድስት እርምጃ ሄደው ዱብ። አንዷ ከአንገቱ ሥር ተንጠልጥላ እስከ ሜዳው ማዶ ሄደች። ሲነሡ የሚያለቅስም አለ፣ የሚስቅም አለ፤ ሰው ለሁሉም እኩል ያጨበጭባል።

«እኛ አገር ልጅ በግ ላይ ቢወጣ በጉም ልጁም ይገረፋሉ» አሉ ጋሼ። እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ።

አሮጊቷ የሥጋ ሳንድዊች ሊያካፍሉን ፈለጉ። ጾም ላይ መሆናችንን ነገርኳቸው። ስንት ቀን እንደሆነ ጠየቁ። «ሃምሳ አምስት» አልኳቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት ያረቡ ሴት ናቸው፤ ልክ የሞተብኝ ሰው እንዳለ ነግሬያቸው ይመስል እጄን ያዙኝ። ብርቱካን ልጬ ሰጠኋቸው። እኛም እንጀራችንን አውጥተን በላን። ልጄ እስካሁን አለመምጣቷ ብቻ ትንሽ ገርሞኛል። ጓደኛዋን እያገዘች ይሆናል አልኩ።

የጓደኛዋ እናት በደረጃው ስትወጣ አየኋት። አቀፈችኝ፣ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ። «አይዞሽ፣ እኔም የመጀመሪያ ቀን እንዲህ ነበርኩ» አለችኝ።

«ምኑ?» አልኳት።

«ቀጥሎ የፍየል ማሰር ነው። የኔዋ ሦስተኛ ናት፣ ያንቺ አምስተኛ።»

እንግሊዝኛዬ ላይ ተጠራጠርኩ። ድገሚልኝ አልኳት። ደገመችልኝ፤ በዚህኛው ግን ፊቷ ተለውጧል። ወረቀቱን ፈርሜ የለም ወይ? የውድድሩን ፈቃድ? ልጄ ከባለፈው በጋ ጀምሮ እንደምትለማመድ አላውቅም ወይ? ሴትዮዋ ደነገጠች። ልጄ «እናቴ ታውቃለች» ብላ ነግራታለች። ከአግዳሚው ተነሥቼ ወረድኩ።

ተወዳዳሪዎቹ ከሜዳው በስተጀርባ ባለው በር ተሰልፈዋል። ባርኔጣ፣ ሄልሜት፣ ፈረስ፣ አቧራ፤ ሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ነው የሚመስለው። አንድ ሰው ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ። «ልጄ ናት» አልኩት፤ ፊቴን አይቶ ነው መሰለኝ መንገድ ለቀቀልኝ። ቡናማ ፈረስ ላይ ሆና አገኘኋት። ከፍ ብላለች። ቀና ብዬ ልጄን ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ነበር የማያት።

ስታየኝ አልሸሸችም። «ማሚ» አለች።

«ምንድን ነው የምትሠሪው?»

«ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ?»

«ብነግርሽ እምቢ ትያለሽ።»

«አዎ እላለሁ!»

«ሶ... ለዛ ነው።» ልጓሙን በአውራ ጣቷ ታሻሻለች። «እንድታዪኝ ፈልጌ ነው ነይ ያልኩሽ። ካየሽኝ በኋላ እንደማትፈሪ አስቤ ነው።»

«ውረጂ» አልኳት።

«ኦኬ» አለችና ቀኝ እግሯን ከእርካቡ አወጣች።

እምቢ ብትል፣ ብትጮህብኝ፣ ጎትቼ አወርዳት ነበር፤ ለዚያ ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። ያለ ክርክር መታዘዟ ነው እጄን ያሰረኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ «ኦኬ» እያለች ከስንት ነገር እንዳወረድኳት በዚያች ቅጽበት ታየኝ። ለመውረድ ስታዘነብል ፈረሱ ጆሮውን አንቀሳቅሶ ሊፈናጠር አለ። እሷ ሳትደነግጥ ወደ አንገቱ ጠጋ ብላ በአማርኛ «እሺ፣ እሺ፣ አይዞህ» አለችው። ድምፁ የኔ ነው። ትኩሳት ሲይዛት የማባብላት ራሱ ድምፅ ነው።

«ቆይ» አልኳት። «ስንት ጊዜ ወድቀሻል?»

«ሁለት ጊዜ።» ትንሽ አሰበች። «አራት።»

«ክርንሽ ላይ የነበረው ቁስል... ከብስክሌት ወደቅሁ ያልሽኝ?»

«ማሚ፣ ብስክሌት መች አስነዳሽኝ? ጂም ክላስ ላይ ነው ያልኩሽ።»

ከኋላዋ ያለችው ልጅ እናት ሳቋን ስታፍን ሰማሁ፤ አማርኛ የምትችል ይመስል። በሩን የያዘው ሰውዬ የልጄን ስም አጣሞ ተጣራ። ሄልሜቷን ጠበቅ አደረግኩት። ጠብቆ የነበረውን ነው ያጠበቅኩት። «ሂጂ» አልኳት።

«ሪሊ?»

«ሐሳቤን ሳልለውጥ ሂጂ!»

ወደ አግዳሚው አልተመለስኩም፤ አጥሩን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። ጨዋታው እንዲህ ነው። ሜዳው ማዶ ላይ አንዲት ፍየል በረጅም ገመድ ካስማ ላይ ታስራለች። ልጅቷ በፈረስ ትጋልባለች፣ ፈረሱ ሳይቆም ትወርዳለች፣ ፍየሏን ይዛ ትጥላለች፣ ሦስት እግሯን በሲባጎ አስራ እጆቿን ወደ ላይ ታነሣለች። ከዚያ ፍየሏ ስድስት ሰከንድ ሳትፈታ መቆየት አለባት። ሲያወሩት ቀላል ነው።

በሩ ተከፈተ። ፈረሱ በፊቴ ሲያልፍ ንፋሱ መታኝ። ጎንበስ ብላለች፣ ሲባጎውን በጥርሷ ይዛለች። እንዲህ የሚፈጥን ነገር ላይ ልጄ መቀመጧን ዓይኔ እያየ አእምሮዬ እምቢ አለ። ፍየሏ ጋ ልትደርስ ስትል ከኮርቻው ተንሸራተተች። አንድ እግሯ መሬት ነካ፣ ሁለተኛው ተጠላለፈ፣ በደረቷ ተደፋች። አቧራው ሸፈናት። ፈረሱ ብቻውን አልፎ ሄደ።

እኔ አልጮህኩም። ጀርባዋን ነው ያየሁት፤ ከፍ ዝቅ ይል እንደሆነ። ያን መስታወት ፊቴ ላይ መልሰው ያቆሙብኝ መሰለኝ። ስንት ሰከንድ እንደሆነ አላውቅም፤ ጋሼ በኋላ «ዓይንሽን ብትጨፍኚና ብትገልጪ ነው» ብለውኛል። ለኔ ግን እንዲያ አልነበረም።

በእጆቿ መሬቱን ገፋች። ተነሣች። ወደኔ አላየችም፣ ወደ ፈረሱም አላየችም፤ ሲባጎውን ከአቧራው ላይ አንሥታ ወደ ፍየሏ ሮጠች። ያኔ ነው ትንፋሼ ጮክ ብሎ የወጣው። ፍየሏ በገመዷ ዙሪያ ታስዞራታለች፣ እሷ ትከተላለች፣ ሰው መሳቅና ማበረታታት ጀመረ። በመጨረሻ አንገቷን አቅፋ ያዘቻት። አንሥታ በጎኗ ጣለቻት፣ እግሮቿን ሰበሰበች፣ ሲባጎውን አዞረች፣ አዞረች፣ እጆቿን አነሣች። ዳኛው መቁጠር ጀመረ። አምስተኛው ላይ ፍየሏ አንዴ ስትፈራገጥ ሲባጎው ተፈታ፤ ብድግ ብላ አራግፋ ቆመች። ልጄ ወገቧን ይዛ አየቻት። ከዚያ ሳቀች፤ ከሜዳው ማዶ ጥርሷ ይታየኛል።

«ያሳዝናል፣ ሰዓት አልተመዘገበላትም! ግን ወድቃ ለተነሣችው ልጅ አጨብጭቡላት!» አለ ድምፅ ማጉያው። ሰው አጨበጨበ። እኔ ልቤ ውጤቱ ላይ አልነበረም። ስትራመድ እግሯን አያለሁ፣ ክንዷን ስታነሣ ክርኗን አያለሁ። ሁሉም ቦታው ላይ ነው። የጓደኛዋ እናት፣ ነርሷ፣ ከኔ ቀድማ ደርሳ አንገቷን፣ እጇን፣ ዓይኗን አየቻት፤ ወደኔ ዞራ አውራ ጣቷን አሳየችኝ። ልጄን እዚያው አቧራ ውስጥ አቀፍኳት፤ ነጭ ጫማዬ ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ሴትዮዋ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ስልክ ደውላ ማረጋገጥ ነበረባት አለች። እኔም ሳላነብ የፈረምኩት ራሴ ነኝ አልኳት። ሁለታችንም ወደ ልጄ ዞረን አየናት። እሷ መሬት መሬት ታያለች።

«አይ ኖው» አለች። «ዋሽቻለሁ። ሶሪ።»

እቆጣለሁ ብዬ ጠበቅኩ፤ ቁጣው አልመጣም። ደግሞስ እውነት እንድትነግረኝ የሚያስችል በር መች ከፍቼላት አውቃለሁ? «ከአሁን በኋላ ንገሪኝ» አልኳት። «እጮሃለሁ። ግን ንገሪኝ።»

ጋሼ የመጡት ይሄኔ ነው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ እንደ መርማሪ። የልጄን ደኅንነት አልጠየቁም። «ሲባጎውን አምጪው እስቲ» አሏት። «ማን ነው እንዲህ ማሰር ያስተማረሽ?»

እኔ የማላውቀው ነገር ነበር። የጋሼ አባት የፍየል ነጋዴ ነበሩ፤ ከአዋሽ ወዲያ ገዝተው አዲስ አበባ የሚሸጡ። ጋሼ ልጅ ሆነው ሥራቸው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ የሚጫኑትን ፍየሎች እግር ማሰር ነበር። «የላላ እንደሆነ ፍየሉ አስፋልት ላይ ነው የሚወርደው፤ አባቴ ደግሞ እኔ ላይ ነው የሚወርደው» አሉ።

«ጋሼ፣ አሳየኝ!» አለች ልጄ። አንቱታውን መቼም አልተማረችውም፣ እሳቸውም ተስፋ ቆርጠዋል። ኮታቸውን አውልቀው ለኔ ሰጡኝ፣ ሣሩ ላይ ተንበረከኩ። ፍየል ስላልነበረ የራሴን ሁለት እጅና የጓደኛዋን አንድ እጅ አንድ ላይ አድርገው አሰሩን። የመጀመሪያውን ዙር ከላይ ሳይሆን ከቁርጭምጭሚቱ በታች፣ ከዚያ በእግሮቹ መካከል፣ ከዚያ ጫፉን ወደ ራሷ ሳይሆን ወደ ፍየሏ መሳብ። እንግሊዝኛቸው የታክሲ እንግሊዝኛ ነው፤ አጭርና ግልጽ። ሌሎች ሦስት አራት ልጃገረዶችም ከበቧቸው። አንዷ ምሥጢሩን ለተፎካካሪዎቿ እንዳያካፍሉ ስታጉረመርም፣ «ፎር ኤቭሪባዲ» አሏት።

ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ ዙር ነበር። ልጄ ልግባ ወይስ አልግባ ብላ ጠየቀችኝ። ጠየቀችኝ! እሺ አልኩ። በዚህኛው ጊዜ አግዳሚው ላይ ነበርኩ፣ አንድ እጄን ነርሷ፣ አንዱን አሮጊቷ ይዘውታል። ስትወርድ ተንገዳገደች እንጂ አልወደቀችም። ፍየሏን ጣለች፣ አሰረች፣ እጆቿን አነሣች። ዳኛው ቆጠረ። ፍየሏ ሁለቴ ተፈራገጠች። ጋሼ ቆመው በአማርኛ አብረው ይቆጥራሉ፤ «አራት! አምስት! ስድስት!» ሲሉ ባርኔጣ ያደረገው ሰው ሁሉ ወደኛ ዞረ። ከአሥራ አራት ልጆች ዘጠነኛ ወጣች። ዘጠነኛ ሽልማት የለውም። ጋሼ ግን ከአሮጊቷ ጋር ተጨባብጠው «ኮንግራጁሌሽን» ተባብለዋል።

ስንመለስ ልጄ ከኋላ ወንበር ላይ አላንቀላፋችም። ተራራውን ወጥተን እስክንወርድ ድረስ አወራች፤ የፈረሱን ጠባይ፣ ከሕመማቸው ያገገሙት የጓደኛዋ አያት እንዴት እንዳስተማሯት፣ በመጀመሪያው ቀን እንዴት እንዳለቀሰች። የስንት ወር ወሬ አጠራቅማ ኖሯል። በመሐል «ማሚ፣ ስድስት ነው» አለች።

«ምኑ?»

«የወደቅሁት። አራት አይደለም፣ ስድስት። ከዛሬው ጋር ሰባት።»

ጋሼ ገልመጥ አድርገው አዩኝ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ሰባቱንም አንድ በአንድ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት፤ የት፣ እንዴት፣ የትኛው ጎኗ ላይ። ነገረችኝ። እያንዳንዱ እየቀፈፈኝ ሰማሁት፤ ግን ሁሉም «ተነሣሁ» በሚል ነበር የሚያልቀው።

ሰፈራችን ሚድ ሲቲ ስንደርስ ገና ፀሐይ ነበር። ቤት ገብተን ጸጉሯን በወጥ ቤቱ ማጠቢያ አጠብኩላት፤ ከሹሩባዋ መካከል የሚወጣው ውሃ ቡናማ ሆኖ ነው የሚወርደው። ትከሻዋ ላይ ሊበልዝ የተዘጋጀ ቀይ ምልክት አየሁ። ጫን አድርጌ «ያምሻል?» አልኳት።

«ትንሽ።»

ትንሽ ማለቷን አመንኳት። ፎጣውን ጠቀለልኩላትና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እሷ ፍሪጁን ከፍታ ምን የጾም ምግብ እንዳለ ትጠይቀኛለች፣ እኔ ጀርባዋን እያየሁ እስቃለሁ።